ዘይት ቅያሪ፦ ከስር መፍታት ወይስ ከላይ መሳብ?

ለገጣፎ የተከራየሁበት ግቢ ኮብልስቶን ነው፤ አከራዬ አንድ ጠብታ ዘይት ካዩ አለቀልኝ። ስለዚህ የቪትዝ መኪናዬን የሞተር ዘይት በሁለቱም መንገድ ቀይሬ አይቻለሁ።

ከስር መፍታት ርካሽ ነው። ቁልፍ፣ ጎኑ የተቀደደ ጄሪካን፣ ካርቶን፣ በቃ። ጣጣው ከሞተሩ ስር ያለው የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን የመጨረሻ ጥርሱን ሲለቅ ነው፤ ዘይቱ በጣቶችህ መሃል ሾልኮ እጅጌህ ውስጥ ይገባል፣ ቡሎኑም ጄሪካኑ ውስጥ ጠብ! ወደ ላይ እየገፋህ ፈትተህ መጨረሻ ላይ ቶሎ ብትስበው ይሻላል። በክሪክ ብቻ ተማምነህ ግን መኪና ስር እንዳትገባ።

በእጅ ፓምፕ ስትስብ ቀጭኑን ቱቦ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ ታስገባለህ፣ ልብስህ እንኳ አይቆሽሽም። ሞተሩን ትንሽ አሙቀው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ ስትስብ ትውላለህ። ፊልትሮው (የዘይት ማጣሪያው) ከስር ከሆነ ግን መንበርከክህ አይቀርም፣ ታችም ትንሽ ዝቃጭ ሊቀር ይችላል።

እኔ ፓምፑን መርጫለሁ፣ አልፎ አልፎ ግን ከስር እፈታለሁ። የወጣውን ለካው፤ 3 ሊትር ከሚይዝ ሞተር 2 ብቻ ከወጣ ቱቦው ታች አልደረሰም ማለት ነው። አሮጌውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፋ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገህ ለሚቀበልህ ጋራዥ ስጠው።