ኦሃዮ ስቴት ወይስ ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም?

ማርሽ ባንድ ጥሩምባ ይዞ ቀጥ ብሎ መሄድ ብቻ ለሚመስለው ሰው እነዚህን ሁለት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ባንዶች አሳዩት።

ኦሃዮ ስቴት ጋ ክላሪኔትም ፍሉትም የለም። ሁሉም የነሐስ መሣሪያና ከበሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ እየተጓዙ «ኦሃዮ» የሚለውን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል (Ohio) ሜዳው ላይ በሰው ይጽፉታል፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሱዛፎን ነፊ፣ ያ ትከሻ ላይ የሚጠመጠመው ግዙፍ መሣሪያ፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣና የ«አይ» ፊደል ነጥብ ሆኖ ይቆማል፣ ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ለጥ ብሎ እጅ ይነሳል። በ2013 ደግሞ ሙንዋክ የሚሄድ ማይክል ጃክሰንን በሰው ሠርተውታል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከሩቅና ከላይ ካላየኸው ግማሹ ያመልጥሃል።

የፍሎሪዳው «ማርቺንግ 100» ሌላ ነገር ነው። ስሙ መቶ ይላል እንጂ ቁጥራቸው ከዚያ በላይ ነው። ጉልበት ወደ ላይ፣ መሣሪያ ወደ ጎን፣ ከዚያ ጭፈራ! ዊሊያም ፎስተር ከ1946 ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት ያሠለጠነው ባንድ ነው፤ በ1989 ፓሪስ ድረስ ሄዶ በባስቲል ቀን፣ ማለትም በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል፣ ሰልፍ ላይ ተጫውቷል።

በመስመር ጥራት ኦሃዮን የሚያህል የለም። ትኬት ከምገዛ ግን ለፍሎሪዳው እገዛለሁ፣ ያውም ከፊት ወንበር።