ሮቫኒየሚ ላይ የአጋዘን ሥጋ፦ ተራውን ሳህን እዘዙ

በሰሜን ፊንላንድ በምትገኘው ሮቫኒየሚ፣ ከኮስኪካቱ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ፣ ግድግዳዋ በጥድ እንጨት የተለበጠ ጠባብ ምግብ ቤት አለች። በጥር መጀመሪያ፣ ጾመ ነቢያት ተፈትቶ፣ አንድ ቅዳሜ ምሽት ከሁለት የክፍል ጓደኞቼ ጋር ገባሁ። ውጭው ከዜሮ በታች 24 ዲግሪ ነበር። ለትምህርት ከመጣሁ አራት ወር ቢሞላኝም የአገሩን ሥጋ አልቀመስኩም ነበር፤ ፊንላንዳውያን «ፖሮ» የሚሉትን፣ በበረዶ ምድር የሚኖረውን አጋዘን።

«ይህ ሥጋ ይበላል ወይ?» እያሉ ወገኖቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝን አስቀድሜ ልመልስ። ፖሮ ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፤ ያመሰኳልም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ያለውን መለኪያ ያሟላል ማለት ነው። የአራጁን ነገር ግን እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ይምከር። እኔ አስቤበት ነው የበላሁት።

ያዘዝኩት ፖሮንካሪስቱስ ነው። ሮቫኒየሚ ያለችበት የሰሜኑ ክፍል፣ የላፕላንድ ሰው፣ በቤቱ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሥጋው በረዶ እንደሆነ በስለት እንደ ወረቀት ሳስቶ ይላጣል፤ በቅቤ ወይም በራሱ በአጋዘኑ ስብ ይጠበሳል፤ ጥቂት ውሃ ተጨምሮበት ድስቱ ተከድኖ በዝግታ ይበስላል። ቅመሙ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ያለ ምክንያት አይደለም። የፖሮ ሥጋ ስቡ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ወፍራም ተቆርጦ እሳት ላይ ከቆየ ይደርቃል። ስስ ሆኖ በቅቤ ሲታሽ ግን አፍ ውስጥ ይፈታል።

የቀረበው በተፈጨ ድንች ክምር ላይ ነው፤ ቀለሙ ጥቁር ቡናማ፣ መረቁ ትንሽ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ብቻውን ቀመስኩ። የዱር ሽታ ጠብቄ ነበር፤ ምንም የለም። ያገኘሁት ከበሬ ሥጋ ጠለቅ ያለ፣ ጉበትን በሩቁ የሚያስታውስና መጨረሻው ላይ ጣፈጥ የሚል ነገር ነው። ቀጥሎ ከሳህኑ ዳር የተቀመጠውን ፑኦሉካ ጨመርኩበት። ፑኦሉካ ከጫካ የምትለቀም ትንሽ ቀይ ፍሬ ናት፤ ጎምዛዛ፣ ጥቂት መራራ። ቅቤውን ቆርጣ ሥጋውን ብቻ ጎልቶ እንዲሰማ ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ ያለ እርሷ አንድም ጉርሻ አልወሰድኩም። በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው ኪያር ባይኖርም አይጎድልም ነበር።

አንደኛዋ ጓደኛዬ ቤተሰቧ ከዚህ ወደ ሰሜን ርቆ በሚገኘው በኢናሪ በኩል አጋዘን ያረባል። እየበላን ብዙ አጫወተችን። እንስሳቱ በጫካ ልቅ ይሰማራሉ፤ ክረምቱን በረዶውን በሰኮናቸው እየቆፈሩ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ሽበት የመሰለ፣ ላይከን የሚባል ነገር ይበላሉ። ሆኖም ባለቤት የሌለው ፖሮ በአገሩ የለም። ግልገሎቹ ፀሐይ በማትጠልቅበት በበጋው አጋማሽ ተሰብስበው ጆሯቸው በባለቤቱ ምልክት ይቆረጣል፤ በመኸር ደግሞ መንጋው ተነድቶ ይመጣና የሚታረደው ይለያል። በኖርዌይና በስዊድን ርቢው በዋናነት የሰሜኑ ነባር ሕዝብ የሆነው የሳሚ መብት ሲሆን በፊንላንድ ግን ሌሎች የአካባቢው ነዋሪዎችም ማርባት ይችላሉ። «ስንት አላችሁ?» ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሌላው ጓደኛችን በዓይኑ ከለከለኝ። የመንጋን ቁጥር መጠየቅ የባንክ ሂሳብን እንደ መጠየቅ ነው። ከብት አርቢን የሚያውቅ ሰው ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም።

ቅሬታዬ በሌላው ሳህን ላይ ነው። ያው ጓደኛችን ሙሉ የጀርባ ሥጋ በ41 ዩሮ አዘዘ፤ ለጎብኚ የተዘጋጀው የምግብ ዝርዝር በትልቅ ፎቶግራፍ የሚያሳየው እርሱን ነው። ሲመጣ መሃሉ ግራጫ ሆኖ በስሎ አልፏል፤ ቢላዋው ሲገባ ጠብታ አልወጣውም። ደኖች ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ተንከራትቶ ያደገ እንስሳ፣ ባለቤቱ ብርድ ችሎ የጠበቀው መንጋ፣ አንድ ወጥ ቤት ለሦስት ደቂቃ ባለመጠንቀቁ እንዲህ ሲባክን ማየት ያናድዳል። አስተናጋጇ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ አመጣች፤ ሁለተኛው ደህና ነበር። ግን ለመጀመሪያው 40 ደቂቃ ጠብቀን ነበር።

የእኔው ሳህን 27 ዩሮ ነው። በድጎማ 3 ዩሮ ገደማ ከፍሎ ምሳ ለሚበላ ተማሪ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ሁለት ሳምንት አጠራቅሜበታለሁ፣ አልቆጨኝም። ለአስተናጋጅ የጉርሻ ገንዘብ መስጠት በአገሩ ልማድ አይደለም፤ የቧንቧ ውሃውም በነጻ ይቀርባል። ሆዳችሁ ቦታ ካለው ሌይፓዩስቶ አክሉ። በእሳት ፊቱ የጠቆረ፣ በጥርስ ሲነከስ ሲጥ ሲጥ የሚል ትኩስ አይብ ነው፤ ላዩ ላይ ላካ የሚባለው ብርቱካናማ የረግረግ ፍሬ ይፈስስበታል። ከቡና ጋር ይወሰዳል፤ ቡናቸው ቆሎው ገና ሳይጠቁር የሚወርድ ስለሆነ ቀጠን ይላል።

ቅዳሜ ከሄዳችሁ ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። ፖሮንካሪስቱሱን እዘዙ፤ የሚሰጧችሁ ፑኦሉካ አንድ ማንኪያ ብቻ ስለሆነ ጨምሩልን በሉ። አይከፈልበትም።