ማግኔት ያለው የማሞቂያ ማጣሪያ፦ ውሃውን ቀይሬ ከገጠምኩት 11 ወር በኋላ

ሙቅ ውሃ እየዞረበት ቤቱን የሚያሞቀው የሳሎኑ ራዲያተር ከላይ ሲነኩት ያቃጥላል፣ ከታች መሃሉ ላይ ግን እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። አየር ይዞት ነው ብዬ በየሁለት ሳምንቱ ሳስተነፍሰው ከረምኩ። አየር ቢሆን ኖሮ የሚቀዘቅዘው የላይኛው ክፍል ነበር፤ ከታች ሲሆን አተላ ተኝቶበታል ማለት ነው። ይህን ስረዳ የማሞቂያውን ውሃ በሙሉ አፍስሼ መስመሩን አጠብኩና ማግኔት ያለው ማጣሪያ ገጠምኩ። አሁን 11 ወር ሆኖታል፤ ሦስት ጊዜም ከፍቼ አጽድቼዋለሁ።

ዕቃው ራሱ ውስብስብ አይደለም። ክዳን ያለው የፕላስቲክ ጣሳ ነው፤ መሃሉ ላይ በሽፋን ውስጥ የቆመ ማግኔት፣ በሁለቱም በኩል መዝጊያ ቫልቭ፣ ከታች ትንሽ ማፍሰሻ አለው። የሚገጠመው ውሃውን ወደሚያሞቀው ቦይለር በሚመለሰው ቧንቧ ላይ ነው፤ ከራዲያተሮቹ ዞሮ የመጣው ውሃ ቦይለሩ ውስጥ ሳይገባ ዝገቱን እዚያ ጥሎ እንዲያልፍ። ጥቁሩ አተላ ማግኔታይት የሚባለው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ማግኔት ስለሚስበው በተራ ወንፊት የሚያመልጠው ደቃቅ ዱቄት እንኳ ይያዛል።

ውሃውን ማፍሰሱ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቦይለሩን አጥፍቼ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ፤ የመሙያው መስመር መዘጋቱን አይቼ ከሁሉም ዝቅ ያለው ማፍሰሻ ላይ ጎማ አስሬ ወደ ውጭ ዘረጋሁት። ስከፍተው ጥቂት ፈሰሰና ቀጥ አለ። ከላይ አየር ካልገባ ውሃው አይወርድምና ፎቅ ላይ ያሉትን ማስተንፈሻዎች ከፈትኩ፤ ያኔ ይንዶለዶል ጀመር። መጀመሪያ የቀጠነ ሻይ ይመስል ነበር፣ መጨረሻ ላይ ቀለም መሰለ። የሳሎኑን ራዲያተር ከነጭራሹ አውርጄ ውጭ በጎማ አጠብኩት፤ ጥቁር ጭቃው እየተቆራረሰ ወጣ። ከማውረዴ በፊት የመመለሻው ቫልቭ እስኪዘጋ ስንት ዙር እንደሄደ ቆጥሬ ጽፌ ነበር። ለእያንዳንዱ ራዲያተር የሚደርሰውን ውሃ የሚያመጣጥነው እሱ ስለሆነ ሲመለስም በዚያው ልክ መከፈት አለበት።

ስሞላ አንድ ነገር ዘነጋሁ፣ ዋጋም አስከፈለኝ። የውሃውን ግፊት ሲቀዘቅዝ 1.2 ባር ላይ ትቼው ማሞቂያውን ስለኩሰው መለኪያው ሽቅብ ወጥቶ 3 ባር ደረሰ፣ የደህንነት ቫልቩም ውጭ ያንጠባጥብ ጀመር። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ያንን የሚቀበለው፣ በአንድ ወገኑ አየር በሌላው ውሃ የሚይዘው የማስፋፊያ ታንከር ግን አየሩ አልቆ ነበር። ታንከሩ የሚለካውና የሚነፋው በውሃው በኩል ምንም ግፊት ሳይኖር ነው። መስመሩ ባዶ በነበረበት ሰዓት በብስክሌት መንፊያ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ፣ እንደገና ውሃ እንዳፈስ አደረገኝ። ውሃ የሚቀይር ሰው ሳይሞላ በፊት ታንከሩን ይለካው፣ አደራ። አምራቹ በጻፈው ልክ ከነፋሁት ወዲህ መለኪያው ሲሞቅ ከ1.6 አያልፍም።

ወደ ማጣሪያው ልመለስ። በሦስተኛው ሳምንት ስከፍተው የማግኔቱ ሽፋን ጣት በሚያህል ውፍረት በጥቁር ጭቃ ተሸፍኖ ነበር፤ በጣቶቼ መሃል ሳሸው እንደ ግራሶ ይሟልጫል። በአራተኛው ወር ስስ ሽፋን ብቻ አገኘሁ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ በጨርቅ አንዴ ጠረግኩትና አለቀ። ከሁሉ ያስደሰተኝ ይህ ነው፦ አተላው እየቀነሰ የመጣው ዝገቱ ስለቆመ ነው። ለዚያ ደግሞ ምስጋናው የማግኔቱ ብቻ አይደለም። ስሞላ ለ100 ሊትር ውሃ 1 ሊትር ሂሳብ ፀረ ዝገት ፈሳሽ በዚያው በማጣሪያው አፍ ጨምሬ ነበር። ውሃው ሲፈስ ፈሳሹም አብሮ ስለሚሄድ በተሞላ ቁጥር እንደ አዲስ መጨመር ያስፈልጋል። የላይኛውን ራዲያተርም ከሙሌቱ ሳምንት ወዲህ አስተንፍሼው አላውቅም። ቀድሞ ይጠራቀም የነበረው ጋዝ ከዝገቱ የሚወጣ ሃይድሮጅን ሊሆን እንደሚችል የተማርኩት በኋላ ነው፤ እና ስታስተነፍሱ እሳት አታስጠጉ።

ቅሬታዬ የክዳኑ ጎሚኒ ላይ ነው። በሁለተኛው ጽዳት ተጣሞ ገባና ሌሊቱን ሙሉ ሲያንጠባጥብ አደረ፤ ጠዋት ግፊቱ ወደ 0.6 ወርዶ አገኘሁት። ከዕቃው ጋር መለዋወጫ አልመጣም፣ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። አሁን ሲሊኮን ቅባት ቀብቼ በእጄ ብቻ አጠብቀዋለሁ፤ የፕላስቲኩ ጥርስ መፍቻ አይችልም። በየወሩ መክፈትም አልመክርም። በተከፈተ ቁጥር ትንሽ አዲስ ውሃ ይጨመራል፣ አዲስ ውሃ ደግሞ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፣ ዝገቱ የሚጀምረውም ከእሱ ነው።

ማጣሪያው ያልቻለው ነገርም አለ። ውሃው ይዞት የመጣውን እንጂ ሥር ሰዶ የተቀመጠውን አተላ አያነሳም። የሳሎኑ ራዲያተር ዛሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሞቀው በጎማ ስለታጠበ ነው። ሳላወርደው የቀረው የልጆቹ ክፍል ራዲያተር ግን ማጣሪያው 11 ወር ሠርቶም ከታች መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ብርዱ ሳይገባ እሱንም አወርደዋለሁ፤ ጎሚኒውን ከወዲሁ ሁለት ገዝቼ አስቀምጫለሁ።