ጅማ ላይ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) ለምታስገቡ፦ ካዲውን (ዲስኩ የሚገባበትን መያዣ) ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ

የጅማ ልጆች፣ ገና ከሱቁ መመለሴ ነው። ንዴቴ ስላልበረደ አጻጻፌ ቢሻክር ይቅርታ።

ሱቁ መርካቶ አካባቢ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። በሩ ላይ የስልክ ካቨር የተንጠለጠለበት፣ ሁሉም ዕቃ «ኦሪጅናል» የሆነበት፣ ደረሰኝ ስትጠይቅ የሚሳቅብህ።

የፈለግኩት ቀላል ነገር ነበር። ላፕቶፔ አሮጌ ኤችፒ ነው፤ ዊንዶውሱ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲቪዲ ማጫወቻው ወጥቶ በቦታው 240 ጊጋ ኤስኤስዲ በካዲ ይግባ፣ ኡቡንቱ (እንደ ዊንዶውስ ያለ ሌላ ሲስተም) እሱ ላይ ብቻ ይጫን አልኩ። አንዱ ዲስክ ቢሞት በሌላው እንድሠራ። ፋይሎቼ ያሉት የዚያው ሃርድ ዲስክ ሌላ ክፍል ላይ ስለሆነ «ዲ ድራይቭ ላይ ያለውን እንዳትነካ» ብዬ ሦስቴ ነገርኩት። «ብራዘር፣ አታስብ» አለኝ። 6,800 ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ከዚያ እኔ ጅሉ ቡና ልጠጣ ሄድኩ።

ስመለስ ላፕቶፑን አስነስቶ የትኛው ሲስተም ይከፈት የሚለውን ጥቁር ሜኑ አሳየኝ። ኡቡንቱ ከላይ፣ ዊንዶውስ ከታች። «ይኸው ሁለቱም!» ደስ ብሎኝ የሻይ ብር ሁሉ ጨመርኩለት። ያ ሜኑ እኮ ሁለቱም አንድ ዲስክ ላይ ቢሆኑም ያው ነው! ይህን አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው የተሸወድኩት።

ማታ ዊንዶውስ ገብቼ ዲ ድራይቭን ፈለግኩ። የለም። በኡቡንቱ ተነስቼ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት) ላይ «ኤልኤስቢኤልኬ» ብዬ ጻፍኩ፤ ያሉትን ዲስኮች የሚዘረዝር ትዕዛዝ ነው። አንድ ዲስክ ብቻ፣ 931.5 ጊጋ፤ 1 ቴራውን በራሱ አቆጣጠር እንዲህ ነው የሚያሳየው። ባለ 240ው ቢኖር ኖሮ 223.6 ብሎ ለብቻው ይመጣ ነበር። «ምናልባት በደንብ አልገባ ይሆናል» አልኩ፣ አሁንም ለሰውዬው እየተከራከርኩለት። ላፕቶፑን ገለበጥኩ። አንዷን ብሎን ፈታሁ። ካዲውን ሳብኩት፤ እንደ ላባ ቀለለኝ። ውስጡ በልክ የተቆረጠ ካርቶን ተወትፎበታል። አወጣሁት። የኤስኤስዲው የራሱ ማሸጊያ ነው። «240» የሚለው ቁጥር ሳይቆረጥ ቀርቷል።

ዛሬ ጠዋት ካርቶኑን ይዤ ሄድኩ። ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «ሁለት ሲስተም አልክ፣ ሁለት ሲስተም ጫንኩልህ። ቤትህ ወስደህ አውጥተኸው ቢሆንስ?» ጓደኛው ካርቶኑን እያገላበጠ ሳቀ።

ዲ ላይ ከጎማና ከማና ወረዳ ቡና ገበሬዎች፣ በክረምት ጭቃ፣ ቤት ለቤት የሰበሰብኩት የመመረቂያ ዳታዬ ነበር። ኡቡንቱውን የጫነው እዚያ ላይ ነው።

ካስጫናችሁ አጠገቡ ቁሙ። ኡቡንቱ ሲጫን የዊንዶውሱ ዲስክ ይነቀል፤ አለዚያ የኡቡንቱ ማስነሻ ፋይል እዚያኛው ዲስክ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ኤችፒ ከሆነ ሲነሳ ኤፍ9 ተጭናችሁ ሁለቱንም ዲስክ በዓይናችሁ እዩ።

ላፕቶፑን ከትናንት ማታ ወዲህ አላበራሁትም፤ በጠፋው ፋይል ላይ ሌላ እንዳይጻፍበት። ጅማ ውስጥ ፋይል የሚመልስ፣ የምታምኑት ሰው ካለ ጠቁሙኝ። እያየሁት የሚሠራ ብቻ።