ባየርን ተራሮች ላይ ወላጆቼን ላንቀባረረችልኝ እህት

ሙኒክ የምትኖር፣ ጉዞ በማሰናዳት የምትተዳደር እህታችንን ላመሰግን ነው። ስሜን አትጥሪ ስላለችኝ አልጠራትም።

እማዬና አባዬ ከአዲስ አበባ ሲመጡ ቅንጡ የሚባል ዕረፍት ልጋብዛቸው አሰብኩ። ባየርን በሚባለው የጀርመን ክልል፣ ጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን ከተማ አካባቢ፣ ከመስኮቱ ተራራ የሚታይበት ሆቴል፣ ስፓው፣ ምኑ፣ ምናምኑ። ወሩ ግን ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ! የባየርን ገበታ ደግሞ ሥጋ ካልሆነ አይብ፣ አይብ ካልሆነ ቅቤ ነው። ልጅቷ ገና ስንተዋወቅ የጠየቀችኝ ስለ ገንዘብ አይደለም። "እናትሽ ይጾማሉ?" አለችኝ። ከሆቴሉ ወጥ ቤት ጋር ተጻጽፋ ወተትም እንቁላልም የማይነካው እራት አዘጋጀችልን። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትቆይ፣ ቁርሷን ዘግይቶ በሚቀርብ ምሳ አስለወጠችላት።

እኔ ኖይሽቫንሽታይን የሚባለውን ተራራ ላይ ያለ ቤተ መንግሥት ካላየን ብዬ ነበር። "የአባትሽ ጉልበት እንዴት ነው?" አለችኝ። በፈረስ ጋሪ ቢወጣም የመጨረሻው ዳገት በእግር ነው፤ የውስጡ ጉብኝት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ። በምትኩ ሊንደርሆፍን አሳየችን። የባየርን ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ ሉድቪግ ካሠራቸው ቤተ መንግሥቶች በሕይወት እያለ ያለቀለት እሱ ብቻ ነው። የምግብ ጠረጴዛው ወለሉን አልፎ ወደ ታች ይወርድና ምግብ ተደርድሮበት ይመለስ ነበር፤ ንጉሡ ሲበላ አሽከር እንኳ እንዳያየው። አባዬ ይህን ሲሰማ "ምነው፣ የሚያጎርሰው አጣ?" አለ። ስተረጉምለት አስጎብኚውም ሳቀ።

የጀርመን ከፍተኛ ተራራ፣ ትሱግሽፒትሰም ወጥተናል። 2,962 ሜትር ነው፤ ከአይብዜ ሐይቅ በኬብል ካር አሥር ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የእማዬ ደም ግፊት አሳስቦኝ ነበር። ልጅቷ "ሐኪማቸውን ጠይቂ፤ ለነገሩ የእንጦጦ ጫፍ ከዚህ ይበልጣል" አለችኝ። እማዬም እላይ ቆማ ነጠላዋን እያጠባበቀች "ይሄ ነው እንዴ ትልቁ?" አለች።

ዋጋዋ ርካሽ ነው አልልም። ግን የራሷን ክፍያ ለብቻ፣ የሆቴሉን ለብቻ አድርጋ ከመነሻው ትነግራለች። ኩርታክሰ የሚሉት የእንግዳ ቀረጥ ሳይቀር ሂሳቡ ውስጥ ነበር። ዱብ ዕዳ የለም።

እህቴ፣ ወላጆቼ እየመረቁሽ ነው የተመለሱት። እኔም ከልቤ አመሰግንሻለሁ።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለነሐሴ ከሆነ ግን ቀደም በሉ፤ የባየርን ትምህርት ቤቶችም ያኔ ዝግ ስለሆኑ ጥሩ ጥሩው ክፍል ቶሎ ያልቃል።