ሶላሩ ሁሉን ቻለ፣ ምጣዱን ግን አልቻለም፦ የ14 ወር የቤት ሶላር ልምዴ

እናቴ ከደብረ ብርሃን ወጣ ካለ ገጠር ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ጣሪያው ላይ የተሰቀሉትን ፓኔሎች አንጋጣ ስታይ ቆየችና እንዲህ አለች፦

«እና ይሄ ሁሉ መስታወት አንድ እንጀራ አይጋግርም?»

«አይጋግርም እማዬ።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሃል?»

ስለ ሶላር ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቆኛል። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ግን አልገጠመኝም።

የምንኖረው ለገጣፎ ነው። ባለቤቴ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። መብራት ሲሄድ ሥራዋ ይቆማል፤ ሙሽራ ደግሞ «መብራት ጠፍቶብኝ ነው» ቢሏት አትሰማም። በፊት ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ነበረችን። ጩኸቷ ሠፈሩን ይረብሻል፣ ጭሷ በመስኮት ይገባል፣ ቤንዚን ፍለጋው ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጥቅምት 2017 ላይ በቃን አልንና ሶላር አስገባን።

ዕቃዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ባለ 550 ዋት አራት ፓኔል፣ የፓኔሉንና የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚሠራበት መብራት የሚቀይር 3 ኪሎ ዋት ኢንቨርተር፣ 2.56 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ አንድ ሊትየም ባትሪ። (አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው ነው።) ዋጋውን አልጽፍም፤ እኔ የከፈልኩት ዛሬ ገበያ ለሚወጣ ሰው አይጠቅመውም። ትልቁን ገንዘብ የወሰደው ግን ባትሪው ነው። ሻጩ መጀመሪያ ያቀረበልን ረከስ ያለውን የአሲድ ባትሪ ነበር። እሱን ደጋግመው ከግማሽ በታች ካወረዱት ቶሎ ይሞታል። ስለዚህ ሙሉ ገዝተው በግማሹ ነው የሚጠቀሙት። ሊትየሙን 80 እና 90 በመቶ ድረስ ብናወርደውም አይከፋውም። እዚህ ላይ ገንዘብ አለመቆጠባችን አላስቆጨንም።

አሁን መብራት መሄዱን የምናውቀው ኢንቨርተሩ «ጠቅ» ሲል ነው። አምፖሉ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ዋይፋዩ፣ ፍሪጁ፣ የስፌት መኪናው እንዳለ ይቀጥላል። የስፌት መኪና እንደ ጩኸቱ አይደለም፣ የሚበላው ትንሽ ነው። ጉደኛው ካውያው ነው። ከ1,000 ዋት በላይ ይስባል፣ ማታ ከተሰካ ባትሪው ዓይናችን እያየ ይወርዳል።

ቀን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፀሐያማ ቀን ከሆነ ረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ ባትሪው ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚጠቀምበት ካጣ ፓኔሉ ሥራ ፈት ነው፤ ፀሐይዋ በከንቱ ትወርዳለች። ይህን ለመረዳት ሦስት ወር ፈጅቶብናል። አሁን ልብስ ማጠቢያው፣ ካውያው፣ ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ሞተር፣ ሁሉም ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይሠራሉ። ባለቤቴ የምትተኩሰውን ልብስ ሁሉ ለእኩለ ቀን ታጠራቅማለች። ብዙ ሰው ሶላር ገዝቶ ማታ ማታ ብቻ ይጠቀምና «አልበቃኝም» ይላል።

አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሰው ሶላር ሙቀት የሚወድ ይመስለዋል። የሚወደው ብርሃን ነው። ፓኔሉ ሲግል እንዲያውም ጉልበቱ ይቀንሳል። እንደኛ ያለ ደጋ፣ ብርድ ያለበት ግን ፀሐይ የማይጠፋበት ቦታ ለሱ ይስማማዋል።

ክረምቱስ? ሐምሌና ነሐሴ ፈተና ነበሩ። ደመናው ሲከብድ የምናገኘው ከጥር ቀን ሲሶው አይሆንም። ባትሪውን ከመስመሩ መብራት እየሞላን አለፍነው። መስመር የሌለበት ሰው በበጋው ልክ አስልቶ ከገዛ ክረምት ላይ ጨለማ ይውጠዋል።

የገጠመንን ችግርም ልናገር። አንደኛ፣ ፓኔሎቹን የሰቀለልን ባለሙያ የሮቶውን ጥላ አላየም። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንዷ ፓኔል ላይ ያርፋል፤ በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ የአንዷ ጥላ ሌሎቹንም ይጎትታል። ቦታ አስቀይረን ተሻለን። ሁለተኛ፣ ኢንቨርተሩ ምንም ባይሠራ እንኳ ራሱ 40 ዋት ገደማ ይበላል። በአሥራ ሁለት ሰዓት ሌሊት ግማሽ ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ ከባትሪያችን አንድ አምስተኛ! ሲሸጡልን ማንም አልነገረንም። ሦስተኛ አቧራው። በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በውሃና በጨርቅ እናጥባለን። አራተኛው ቆርቆሮው ነው። ብሎኑ የገባበት ቀዳዳ በደንብ አልተደፈነም ነበርና የመጀመሪያው ዝናብ ኮሪደራችን ገባ።

አሁን ወደ እማዬ ጥያቄ ልመለስ። የቤታችን ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ገና ሲሰካ ኢንቨርተራችን ጮኾ ይጠፋል። አንድ ቀን ጋጋሪያችን ሳታውቅ ሰክታው ቤቱ በሙሉ ጨለመ፤ ከዚያ ወዲያ የምጣዱን መስመር ለብቻው አስለየነው። ትልቅ ኢንቨርተር ቢኖረን እንኳ ስሌቱ አይወጣም። ለሳምንት የሚበቃ እንጀራ ሲጋገር ማሟሻውን ጨምሮ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አካባቢ ይሄዳል። ያ የኛን ባትሪ ሁለት እጥፍ ነው። አምፖል ማብራት ቀላል ነው፤ የቤታችን ትልቁ የኃይል ጥያቄ እንጀራ ነው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጎረቤቴ «እንግዲህ ሶላርህን ሽጠው» ብሎ ቀለደብኝ። ቀልዱ እውነት አለበት። 5,150 ሜጋ ዋት ከኔ ጣሪያ ጋር አይወዳደርም። የሀገራችን መብራት ከድሮም አብዛኛው ከውሃ ነው፣ ማለትም መስመሩ ራሱ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ ሶላሬ አካባቢን ጠበቀ ብዬ ብፎክር ያለፈው ጄኔሬተሬን ቤንዚን ብቻ ነው የምቆጥረው። የኛ ችግር ግድቡ ላይ ሳይሆን እዚህ ሠፈር ነው፤ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፣ ሽቦው በነፋስ ይበጠሳል።

እናቴ ቤት ግን መስመሩም አልደረሰም። ያላት መዳፍ የምታክል ባለ ሶላር ፋኖስ ናት። ላምባ መግዛት ቀርቷል፣ ኩራዙ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፣ ስልኳንም ትሞላበታለች። ከኔ አራት ፓኔል ይልቅ የሷ ፋኖስ ብዙ ነገር ቀይራለች ብል አላጋነንኩም። ማድ ቤቷ ግን ዛሬም በእንጨትና በኩበት ነው። በጋገረች ቁጥር ዓይኗ ይቀላል። ጥያቄዋ ከዚያ የመጣ ነበር።

ደግሜ ብገዛ ይህንኑ እገዛ ነበር? አዎ፣ ጥላውን መጀመሪያ አይቼ። ሁለተኛ ባትሪ ልጨምርም አስቤያለሁ። ባለቤቴ ግን ከባትሪው በፊት የጣሪያው ቀዳዳ ይደፈን ብላለች። ባልዲው እስካሁን ኮሪደሩ ላይ ነው።