ደሴ ላይ «ፎርማት ይደረግ» የማይል ጥገና ቤት ተገኘ

ደሴ ላይ ላፕቶፕ ይዛችሁ ጥገና ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ነገር ይታወቃል። «ፎርማት ይደረግ!» ቢዘገይ ፎርማት፣ ፍላሽ አላነብ ቢል ፎርማት፣ አልነሳ ቢል ያው ፎርማት። በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ነው የምጠቀመው ካላችሁማ ጭራሽ ፊታቸው ይለወጣል፤ «ለምን ዊንዶውስ አንጭንልዎትም?» ነው። ለዚህ ነው ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለችውን፣ በሯ ላይ «ኮምፒውተር ጥገና» ከሚል ወረቀት ሌላ ስም የሌላትን ክፍል ሳላሞግስ የማላልፈው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፔ ሁለት ዲስክ አለው። ኡቡንቱው ኤስኤስዲው ላይ ነው፤ ፎቶና ቪዲዮ የማስቀምጠው ደግሞ በዲቪዲው ቦታ በገባው ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ላይ። አንድ ሌላ ጥገና ቤት ሃርድ ዲስኩን ፎርማት አድርጎ፣ ፋይሎቼን መልሶ ገልብጦ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ሳበራው አልነሳም አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ ነገር እየጠበቀ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ይቆጥራል፤ ከዚያ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ብሎ ቁጭ ይላል። መልሼ ብወስድላቸው «ሲስተሙ ሄዷል፣ እሱንም ፎርማት እናድርገው» አሉኝ። ይገርማል እኮ!

የፒያሳው ልጅ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጋሼ፣ ከመበላሸቱ በፊት ምን ተነካ?» ብሎ ነው። ሃርድ ዲስኩ ፎርማት መደረጉን ስነግረው ሳቅ አለ። «አብሽሩ፣ ሲስተሙ ምንም አልሆነም።»

ሊኑክስ ሲነሳ ኢቲሲ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለችውን ኤፍኤስታብ የምትባል የጽሑፍ ፋይል ያነባል። የትኛው ዲስክ የትኛው ፎልደር ላይ ማውንት እንደሚደረግ፣ ማለትም ተያይዞ እንደሚከፈት፣ የሚያውቀው ከእሷ ነው። ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ መስመር አለ፦ የዲስኩ መለያ፣ የሚቀመጥበት ፎልደር፣ የተደረገለት ፎርማት ዓይነት (ኢኤክስቲ4 ይሁን ሌላ)፣ አማራጮቹ፣ መጨረሻ ላይ ሁለት ቁጥሮች። መለያው ብዙ ጊዜ ዩዩአይዲ የሚባል ረጅም ቁጥር ነው፤ ዲስክ ፎርማት ሲደረግ ደግሞ ይህ ቁጥር ይቀየራል። የእኔ ኤፍኤስታብ ላይ የድሮው ቁጥር እንዳለ ቀርቷል። ሲስተሙ በዓለም ላይ የሌለ ዲስክ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ተስፋ ሲቆርጥ ወደ ኢመርጀንሲ ሞድ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው ችግሩ።

ልጁ ኢንተር ተጭኖ ትዕዛዝ መጻፊያው ውስጥ ገባና የዲስኮቹን ዝርዝር ከነዩዩአይዲያቸው አወጣ። ከዚያ ኤፍኤስታብን ከፍቶ፣ ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያስኬደ ቁጥሩን ፊደል በፊደል አመሳከረ። የድሮውን መስመር አላጠፋውም፤ ሲስተሙ እንዳያነበው ፊቱ ላይ የመሰላል ምልክት (#) አድርጎ ዝም አሰኘውና ከሥሩ አዲሱን ጻፈ። አማራጮቹ ላይ «ኖፌይል» የሚል ጨመረበት። ይቺ ቃል ካለች ዲስኩ ቢነቀል እንኳ ኮምፒውተሩ ያለ እሱ ይነሳል። ፋይሏን ሴቭ አድርጎ ሪስታርት ያደርጋል ስል፣ ቆይ አለኝ። ኤፍኤስታብ ላይ ያለውን ሁሉ እዚያው ማውንት የሚያደርገውን ትዕዛዝ ሰጠ። ምንም መልስ አልመጣም። «ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነው» አለና ያኔ ሪስታርት አደረገው። ተነሳ፣ ፎቶዎቼም በቦታቸው ናቸው።

ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ የሚሉት የዲስክ ስሞችስ ለምን አይጻፉም ብዬ ጠየቅኩት። እነዚያ እንደ ወረፋ ቁጥር ናቸው፣ ፍላሽ ተሰክቶ ሲነሳ ሊቀያየሩ ይችላሉ አለኝ። እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ባለሙያ ደሴ ላይ ብርቅ ነው።

እዚያው እያለሁ ከኮምቦልቻ የመጣ ተማሪ ገባ። ዊንዶውስና ኡቡንቱ ጎን ለጎን ነው የሚጠቀመው፤ የዊንዶውሱ ክፍል ኡቡንቱ ላይ ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም። ጠጋኙ ልጅ ላፕቶፑን ገና ሳይከፍት «ዊንዶውስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕ የሚለውን አጥፋና ሙሉ ለሙሉ ዝጋው» ብሎ መለሰው። ዊንዶውስ በዚያ መንገድ ሲዘጋ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው ያለው፣ ሊኑክስም ዳታ እንዳይበላሽ ብሎ መጻፍ ይከለክላል። ምንም ብር አልተቀበለውም። ይህን ሳይ በጣም ወደድኩት።

እንከን የለባትም ማለቴ አይደለም። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ያለችው አንድ በርጩማ ብቻ ናት፣ ሰው ሲበዛ ደረጃው ላይ ነው የሚጠበቀው። ደረሰኝ የለም፤ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ ከሆነ የወሰዳችሁት ከሒሳብ ክፍል ጋር ትጣላላችሁ። መብራት ከጠፋም ጄኔሬተር ስለሌለ ሥራው ይቆማል። ልጁም ወሬ ይወዳል፣ የቸኮለ ሰው ሊናደድ ይችላል። እኔን 300 ብር ነው ያስከፈለኝ፤ ፎርማት ተደርጎ ሁሉን እንደ አዲስ ከመጫን ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም።

የምትሄዱ ከሆነ ቻርጀራችሁን ያዙ፣ እሱ ጋ ለሁሉም ዓይነት የሚሆን የለም። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋል፤ ከ9 ሰዓት በኋላ ታገኙታላችሁ።